የእንግዶች መኝታ ላይ የበቀለ ጎመን

የግቢያችን መሬት ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈት ነበር። የሚሠራው በታኅሣሥ መጨረሻ ለአራት፣ ለአምስት ቀን ብቻ ነው። ለገና ላሊበላ የሚመጣው ሕዝብ ከከተማው ቤቶች ጋር አይመጣጠንም፤ ስለዚህ ግቢ ያለው ግቢውን፣ በረንዳ ያለው በረንዳውን ይለቃል። እኛ ቤት የሚያርፉት ሁልጊዜ እነዚያው ነበሩ፤ ከሙጃ ወዲያ ካለ ቀበሌ ሁለት ቀን በእግር ተጉዘው የሚመጡ አሥራ አራት ገበሬዎች፣ ከፊታቸው ደግሞ አንዲት ረጅም መነኩሲት። እማሆይ እንላቸዋለን። ገና ሳይመነኩሱ፣ እኔም ሳልወለድ ጀምሮ ይመጣሉ። እናቴ እግራቸውን ታጥባለች፣ ታበላቸዋለች፣ ገለባ ጎዝጉዛ ግቢው ውስጥ ታስተኛቸዋለች። በዓሉ ሲያልፍ ገለባውን ጠርጋ መሬቱን እስከ ከርሞ ባዶውን ትተወዋለች። ማገዶ እንኳ አይከመርበትም። «የእንግዶቼ ነው» ትላለች፣ በቃ።

እኔ አስጎብኚ ነበርኩ። የትኛው ቤተ መቅደስ ስንት ዓምድ እንዳለው፣ የትኛው መስኮት ወዴት እንደሚያይ በሦስት ቋንቋ ሳልንተባተብ እናገራለሁ። ክፉው ጊዜ መጥቶ መንገዱ ሲዘጋና ጎብኚው ሲቀር ያ ሁሉ እውቀት አፌ ውስጥ ቀረ። በረንዳ ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን መተቸት ሥራዬ ሆነ። ጠዋት ከእናቴ ጋር እጣላለሁ፣ ማታ ደግሞ ስለ ጠዋቱ እጣላለሁ። እሷም ቻለችኝ፤ ሌላ ልጅ የላትማ።

እነ እማሆይ መንገዱ ሲዘጋ ቀሩ፣ ሲከፈትም አልመጡም። አንድ ገና አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ ሦስተኛውም አለፈ። እናቴ በየዓመቱ ገለባውን ታዘጋጃለች፣ ውሃ ታሞቃለች፣ በር በሩን ታያለች። በዓሉ ሲያበቃ ማንም ያልተኛበትን ገለባ ጠርጋ ለጎረቤት ላም ትሰጣለች። ስለ ነገሩ አታወራም፣ እኔም አልጠይቃትም።

አምና በሰኔ ኮን ከተማ የምትኖረው እህቷ ታመመችና እናቴ ልታስታምማት ሄደች። ቤቱን ስትተውልኝ ያዘዘችኝ ብዛቱ፤ ጣራው የሚያፈስበትን ቦታ፣ የዶሮዎቹን ጥሬ፣ የቦኖውን ተራ ሁሉ ነግራኛለች። ስለ ግቢው መሬት ግን አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ይህ በኋላ ለክርክር ይጠቅመኛል ብዬ ይዤው ነበር፤ አልጠቀመኝም።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን በር ላይ ቆሜ ዝናቡን አያለሁ። ያ ስንት ዓመት የተረገጠ መሬት አንዲት ጠብታ አይውጥም። ውሃው ከጣራው ወርዶ፣ በግቢው ላይ ተንሸራቶ፣ በአጥሩ ሥር ወጥቶ ገደል ይገባል። እኛ ደግሞ በጋውን ሙሉ ለአንድ ጀሪካን ውሃ ስንሰለፍ እንከርማለን። ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም፣ ብቻ ደሜ ፈላ። ዝናቡ ሲያባራ ከጎረቤት ድጅኖና ዶማ ተውሼ መጣሁ።

በመጀመሪያው ቀን ድጅኖው እየነጠረ ሊፈነክተኝ ምንም አልቀረውም። በሦስተኛው ቀን መዳፌ ውሃ ቋጠረ። በአራተኛው ግን ከደረቁ ንጣፍ ሥር ጥቁር፣ እርጥብ አፈር ብቅ አለ፤ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ድንጋዩን እየለቀምኩ የመደቦቹን ዳር ካብኩበት። ፍግ ለመንኩ፣ ከየምድጃው አመድ ሰበሰብኩ፣ ዶሮዎቹ እንዳይጭሩብኝ ዙሪያውን እሾህ አጠርኩ። የጎረቤታችን ሴትዮ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ስታየኝ ቆየችና «አንተ፣ ጎመኑን ደግሞ በስንት ቋንቋ ልታስጎበኘው ነው?» አለችኝ። እኛ ዘንድ የጓሮ አትክልት የሴት ሥራ ነው፤ ጎልማሳ ሰው ጎመን ሲኮተኩት መታየቱ ሰፈሩን ለሳምንት አስቆታል። «ትኬት ስትቆርጭ እነግርሻለሁ» አልኳት።

ጎመንና ቆስጣ በችግኝ፣ ካሮትና ቀይ ሥር በዘር፣ ድንች ከቤት ተረስቶ ካቆጠቆጠው፣ ነጭ ሽንኩርት በየዳሩ። ካሮቱን እፍኝ እፍኝ እየዘገንኩ ስለዘራሁት ተጠቅጥቆ በቀለ፤ ማሳሳት እንዳለብኝ የነገረችኝ ያችው የምትስቅብኝ ሴትዮ ናት። ጎመኑን ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ሲወረው በየማለዳው ጤዛው ሳይደርቅ አመድ ነሰነስኩበት። መስከረም ላይ የመጀመሪያውን ጎመን ቆረጥኩ። በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ሠርቼ፣ እንጀራ ላይ ገልብጬ፣ ቆሜ በላሁት። ለመቀመጥ እንኳ አልታገሥኩም። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር አላስታውስም።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለኝ። ካሮት ነቅዬ ሱሪዬ ላይ ጠረግ አድርጌ እቆረጥማለሁ። ድንቹን ከነልጣጩ ቀቅዬ በአዋዜ እበላለሁ። ቀይ ሥር በበላሁ ቁጥር ጣቶቼ እስከ ማግስቱ ይቀላሉ፣ እኔም ለመታጠብ አልቸኩልም። ዝናቡ ሲያቆም ዕቃ ያጠብኩበትን፣ እግሬን የታጠብኩበትን ውሃ ሁሉ ለመደቦቹ አደርገው ጀመር። ለጎረቤቷ ጎመን በእቅፍ ስሰጣት መሳቋን ትታ መመረቅ ጀመረች። የምሰጠው ነገር ካገኘሁ ወዲህ ጠባዬም ተሻሻለ፤ ሰው መተቸት መተዌን ያወቅሁት ሌሎች ሲነግሩኝ ነው። ለእናቴ በስልክ ምንም አልነገርኳትም። ስትመጣ ድንገት ላስደስታት አስቤ ነበር።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣ እህቷ ተሽሏት፣ መጣች። የነቢያት ጾም ገብቷል። ባጃጁ ደጅ አወረዳት፣ ጓዟን ተቀብዬ ቀደም ቀደም እያልኩ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩላት። ጎመኑ ጉልበት ይደርሳል። የቀይ ሥሩ ቅጠል ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል። እናቴ ደፉ ላይ ቆመች፣ ነጠላዋንም ወደ አፏ አስጠጋች። ደስታ መስሎኝ ነበር።

«እንግዶቼስ?» አለች።

«የትኞቹ እንግዶች?»

«እነ እማሆይ ናቸዋ! የት ሊተኙ ነው?»

«እማ፣ እነሱ እኮ ከቀሩ ሦስት ዓመት አለፋቸው።»

«ቀሩ እንጅ ሞቱ አሉህ?»

ጓዟን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

«ሞቱ ብለህ ባይሆን በመኝታቸው ላይ ባልዘራህ። በቁማቸው አፈር አለበስካቸው!» አለችና ጓዟን ከእጄ መንጭቃ ገባች።

በማግስቱ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጎመኑን አሳምሬ ሠርቼ አቀረብኩላት። ትሪውን ወደ እኔ ገፋችው። «የሰው መኝታ አልበላም» አለች፣ ተነስታም ለራሷ ሽሮ ሠራች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ገበታ ሁለት ቤት ሆንን፤ እኔ በጎመኔ፣ እሷ በሽሮዋ። «ስለ መሬቱ ምንም አላዘዝሽኝም» እላታለሁ። «ትንፋሽህንስ አዝዤህ ነው የምትተነፍሰው?» ትለኛለች። ጎመኑም እንደ በፊቱ አልጣፈጠኝም፤ ያንኑ ነጭ ሽንኩርት ያንኑ ቃሪያ አድርጌ አፌ ውስጥ ሣር ሣር ይለኝ ጀመር።

የተናደድኩት እውነቷን ስለነበረ ነው። ድጅኖውን ባነሳሁ ጊዜ እነ እማሆይን ረስቻቸው አልነበረም። አስቤያቸዋለሁ። አልቀዋል ብዬ ደምድሜያለሁ፣ መደምደሙም ተመችቶኛል፣ መሬቱን ፈልጌው ነበርና። እናቴ ያን መሬት በየዓመቱ ባዶ ስትተወው በሕይወት አሉ ማለቷ ነበር። ለባዕድ የስምንት መቶ ዓመት ነገር እያስረዳሁ እንጀራ የበላሁ ሰው ይህን በገዛ ግቢዬ ሳላውቅ ኖርኩ። አፈርኩ፤ ማፈሬን ግን ለእሷ መናገር አቃተኝ።

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁና ከሙጃ በኩል የመጡትን እየዞርኩ ጠየቅሁ። እማሆይ ስልክ የላቸውም። አብራቸው የምትመጣ የአንዲት ሴት ቁጥር ነበረኝ፣ እሱም ጥሪ መቀበል ካቆመ ቆይቷል። ብዙዎቹ አናውቅም አሉኝ። አንዲት ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ግን ቀና ብላ አየችኝና «እማሆይቱ? እኒያ ረጅሟ? አየ፣ ሕመሙ ጠንቶባቸው ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ እንጃ» አለችኝ። ምንም ሳልገዛ ተመለስኩ። ቤት ስገባ እናቴ «ገበያው እንዴት ዋለ?» ብትለኝ «ደኅና» ብዬ አለፍኳት።

ታኅሣሥ ሃያን ሲያልፍ ከተማው ነጭ ለበሰ። ከየአቅጣጫው ተሳላሚ ይጎርፋል፣ የየሰፈሩ ግቢ ይሞላል። አንድ ማለዳ ዶማውን አነሳሁና በበሩ በኩል ያለውን መደብ መንቀል ጀመርኩ። ሁለት ጎመን ከነሥሩ አውጥቼ ሦስተኛውን ስይዝ እናቴ ከቤት ወጣች። እሰይ ትለኛለች ብዬ ቀና አልኩ።

«ተወው» አለች።

«ለእንግዶችሽ ቦታ ላበጅላቸው ነው።»

«ሲመጡ ይነቀላል። ካልመጡ ለማን ብለህ ትነቅለዋለህ?»

ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። እሷም እንደኔ እንደምትፈራ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ በዶማ የሠራሁትን እሷ ሞተው ይሆን እያለች በሆዷ ስትሠራው ከርማለች፣ የምትቆጣኝም አደባባይ ስላወጣሁት ነው። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

ሃያ አምስት ሆነ፣ ሃያ ስድስት ሆነ። ማደሪያ ያጡ ሰዎች በራችንን ማንኳኳት ጀመሩ። እናቴ የእኔን ክፍል ከዋድላ ለመጣ ቤተሰብ ሰጠች፣ እኔን ወደ ምድጃው ቤት አዛወረችኝ። ሌሎች ሲመጡ «ግቢውስ?» አሏት። «ግቢው ተይዟል፣ የሰው ነው» አለች። ሰዎቹ ጎመኑን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ግራ ገብቷቸው ሄዱ። እናቴ ተሳላሚ ስትመልስ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። በሩን ዘግታ ተደገፈችበት። «ነገ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለችኝ። «እስከዚያ ካልመጡ እኔው ራሴ እነቅለውና ለመጣው ሁሉ እሰጣለሁ። ከዚያ በኋላ እንደሌሉ አውቄ እቀመጣለሁ።»

በሃያ ሰባተኛው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ክብሪት ልገዛ ነው ብዬ ወጣሁ። ክብሪትማ ሞልቶናል። መንገዱ ከሚታጠፍበት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የሚመጣውን ሰው ፊት ማየት ጀመርኩ። ሁሉም እማሆይን ይመስለኛል፣ ቀረብ ሲል ሌላ ይሆናል። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አንዲት በቅሎ መታጠፊያውን ዞረች። እላይዋ ላይ ቢጫ የለበሰ ሰው ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። እማሆይ በቅሎ አይወዱም፣ በበቅሎ በሚሳለሙ ሰዎች ሲቀልዱ ነው የማውቃቸው፣ ስለዚህ ዓይኔን ከበቅሎዋ ላይ አነሳሁ። ከኋላ ግን ያቺ ስልኳ የማይሠራው ሴትዮ መጣች፣ ከእሷም ኋላ ባሏ። መልሼ ቢጫውን አየሁ። ፊታቸው ከስቶ ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል፣ ግን እሳቸው ናቸው።

ሰላም ልበላቸው እንኳ ሳልል ወደ ቤት ሮጥኩ። እናቴ ዶማውን ይዛ መደቡ መካከል ቆማለች።

«እማ፣ መጡ!»

«ማን?»

«እማሆይ! በሕይወት አሉ!»

ዶማው ከእጇ ወደቀ፣ እሷም ቆስጣው ላይ ቁጭ አለች። እኔ ከሮጥኩት ሩጫ ይልቅ እፎይታው ነው ትንፋሼን የቆረጠው። አጥሩን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ አላፈርኩም።

ከአሥራ አራቱ የመጡት ዘጠኝ ናቸው። ሦስቱ ከብት ሊጠብቁ ቀርተዋል፣ ሁለቱ በዚያ ክፉ ጊዜ አርፈዋል። እናቴ ለሁለቱ አለቀሰችላቸው፣ የሌሎቹን አንገት ግን እየያዘች አገላብጣ ሳመች። እማሆይ እናቴን ሲያዩ ሦስት ጊዜ አማተቡ፣ ፊቷንም ደጋግመው ዳሰሱ፤ የናፍቆት መሰለኝ። ከበቅሎ አውርደን ውሃ ስናቀርብላቸው ነው ግቢውን ያዩት። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አፈር ስሆን እማሆይ፣ ይሄ ልጅ መኝታዎን አረሰው።»

እማሆይ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ወደ መደቡ ሄዱ። ጎንበስ ብለው አፈሩን ዘገኑ፣ ጨበጡት፣ በጣታቸው መካከል አፈሰሱት።

«ይሄ ነው ያ ድንጋይ?» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ እናንተ ዘንድ አድሬ ስመለስ ጎኔ ለወር አይሽርልኝም ነበር እኮ።»

ገበሬዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ለካ ሁሉም በየዓመቱ ጎናቸው ተላልጦ ነው የሚመለሱት።

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?» አለች እናቴ፣ ደንግጣ።

«ለበረከት መጥቼ ምኝታ ላማርጥ?»

ከዚያ በኋላ ግቢው የእኔ መሆኑ ቀረ። ገበሬዎቹ መንገድ የደከማቸው አልመሰሉም። አንዱ ድንቹን እያወጣ «ምነው እንዲህ ላይ ላዩን ቀበርከው? ፀሐይ አግኝቶት አረንጓዴ ሆኗል» ይለኛል። ሌላው ጎመኑን አጠጋግተህ ተከልከው ብሎ ይገሥጸኛል። ሦስት ሴቶች ክብ ሠርተው ተቀምጠው ጎመን ይከትፋሉ፣ ካሮት እያጠቡ እየቆረጠሙ ይሳሳቃሉ። እግር የታጠቡበት ውሃ ለቀሩት መደቦች ሆነ። የደረሰው ሁሉ ተነቅሎ ሲያበቃ ለአሥር ሰው የሚበቃ ልስልስ ያለ ቦታ ወጣ፣ በላዩም ገለባው ተጎዘጎዘ። ያልደረሰውን ነጭ ሽንኩርት ማንም አልነካውም።

ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ቀይ ሥሩ በትልቅ ትሪ ቀረበ። ከበው ተቀመጡ፣ ጸለዩ፣ መብላት ጀመሩ። እናቴ ማንቆርቆሪያ ይዛ ከዳር ቆማ ታስተናግዳለች።

«አንችስ?» አሏት እማሆይ።

«እኔ ሽሮ አለኝ።»

«ይሄ ሁሉ እያለ ሽሮ ምን ያደርግልሻል?»

እናቴ ትንሽ አመነታችና አወጣችው። «ይሄ ልጅ ሞታችኋል ብሎ ነው የዘራው። እንዴት ብሎ ይዋጥልኝ?»

የሁሉም እጅ ቆመ። እኔ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ወደድኩ። እማሆይ ወደ አፋቸው ያደረሱትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አኖሩት።

«እንግዲያስ እኔም ልናዘዝ» አሉ። «እናንተም አልቃችኋል ብለው ነገሩን። እኔም አመንሁ። የክርስትና ስምሽን ለቄሱ ሰጥቼ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሙታን ጋር ሳስጠራሽ ኖርሁ። ጧፍም አብርቼልሻለሁ።»

እናቴ አፏን ከፍታ አየቻቸው።

«ሞታለች ካሉ ታዲያ፣ በዚህ ሕመም፣ ያን ሁሉ አቀበት ምን ሊያደርጉ መጡ?»

«መቃብርሽን ልሳለም ነዋ» አሉ እማሆይ።

እናቴ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ከእማሆይ ጎን፣ የታረሰው አፈር ላይ ቁጭ አለች። እንጀራ ቆረሰች፣ ጎመኑን ጠቀለለች፣ እንባዋ እየወረደ በላች። ዋጠችና ደግማ ቆረሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ምን ትገተራለህ? ጨምር እንጅ፣ ጎመኑ አልቋል» አለችኝ።